ቡና የማይሸተው ሙሽራ

ሰማያዊዋን ክኒን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ገና ከበሩ ያስታውቃል። መጀመሪያ የሳል ሽሮፕ ይጠይቃል። ከዚያ የጥርስ ሳሙና ያያል። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የቫይታሚን ካርቶን ያገላብጣል። በመጨረሻ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "ለጓደኛዬ ነው" ይላል። ኮምቦልቻ ላይ ፋርማሲ ከከፈትኩ ዓመታት አልፈዋል። ለራሱ የሚገዛ ወንድ እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም ለጓደኛው ነው።

እሱም ለጓደኛው ነበር። ለአራተኛ ጊዜ።

ሙሽራው ልበለው። የሥራ ባልደረቦቹም ከኒካው በኋላ ሲቀልዱበት እንዲያ ነው የሚሉት። ያኔ 29 ዓመቱ ነበር፤ ካገባ 8 ወር ሆኖታል። አንድ የቆዳና ሌጦ ነጋዴ ጋ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ይህን የምጽፈው እሱም ባለቤቱም ፈቅደውልኝ ነው። ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ጥቂት ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሰማያዊዋ ክኒን፣ ሲልደናፊል፣ ለስንፈተ ወሲብ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ቢውጠው የደም ግፊቱ አሽቆልቁሎ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን እያወቅኩ ሦስት ጊዜ ያለ ወረቀት ሸጥኩለት። ወጣት ነው፣ ጤነኛ ይመስላል፣ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ፍርሃት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ለአራተኛ ጊዜ በመጣበት ቀን ጠዋት ረዳቴ የቅርንፉድ ዘይት ጠርሙስ ሰብራ ነበር። ለጥርስ ሕመም የምንሸጠውን ማለቴ ነው። ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። ብንጠርገውም፣ በአልኮል ብናጥበውም ሽታው አልለቅ አለ። የገባው ሁሉ ከበሩ ላይ ቆሞ "ኧረ ምንድነው እሱ? ጥርስ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?" እያለ ነው የዋለው።

ሙሽራው ገባና ክርኑን ዘይቱ የፈሰሰበት ቦታ ላይ አሳረፈ።

"ዶክተር፣ ያቺ ነገር ለጓደኛዬ አልሆነችውም። ከፍ ያለ መጠን የለም?"

ዶክተር አይደለሁም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ እዚህ አገር ዶክተር ነው፤ ማረም ሰልችቶኛል።

"ክርንህን አንሳ፣ ቅርንፉዱ ልብስህን እንዳያበላሸው" አልኩት።

"የምን ቅርንፉድ?"

"አይሸትህም?"

"እ... አዎ፣ ትንሽ ትንሽ" አለ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ አየ። ሽታን በዓይን የሚፈልግ ሰው ያን ቀን አየሁ።

ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ ስለው አልያዘኝም አለ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት። ከንፈሩ በላይ የጨቅላ ልጅ የመሰለ ለስላሳ ጠጉር አለ፤ ጢም የሚባል ነገር ግን የለም። ድምፁ ቀጭን ነው። እጆቹ ረጃጅም ናቸው። ብሩን ከኪሱ አውጥቶ በቀኝ እጁ ሲቆጥር የግራ እጁ ጣቶች ባዶ አየር ላይ አብረው ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ልማድ መስሎኝ ነበር። ግራ እጅህን ዝም አድርገህ ቁጠር አልኩት። ሞከረ። አልቻለም። "ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አስተማሪዬ በሁለት እጅህ ትጽፋለህ ወይ እያለ ይገርፈኝ ነበር" አለኝ።

ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህር ያሉን ነገር ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ትዝ አለኝ። ጉርምስና ያልመጣበት ወጣት ካያችሁ ስለ አፍንጫው ጠይቁት ብለውን ነበር። ያኔ ፈተና ላይ ስላልመጣ ረስቼው ነበር።

መጋረጃውን ገልጬ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባሁት።

"ጓደኛህ ጢም አለው?" አልኩት።

ዝም አለ።

"ጓደኛህ ቡና ሲቆላ ይሸተዋል?"

ትንሽ ቆየና ሳቀ። ከዚያ ጓደኛው ቀረና ስለ ራሱ ማውራት ጀመረ። ሰዎች ሽታ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ገብቶት አያውቅም። ቡና ተቆልቶ ምጣዱ በየሰው ፊት ሲዞር ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው እያርገበገበ "ማሻአላህ" ይላል። ሁሉም ሰው እንዲሁ ለወጉ የሚለው ይመስለው ነበር። መጋዘን ውስጥ ሌላው ሠራተኛ አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ ነው የሚገባው። እሱ ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ ክምር አጠገብ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። አለቃው ይህንን የሥራ ፍቅር ብሎ ደመወዝ ጨምሮለታል።

ስለ ሌላው ነገር ስጠይቀውም መልሱ የዚያው ቅጂ ነበር። "ጓደኞቼ ስለ ሴት ሲያወሩ አብሬ እስቃለሁ። ምን እንደሚሰማቸው ግን አላውቅም" አለኝ። ጠዋት ሲነሳ ብልቱ ቆሞ አያውቅም። ሚስቱን ይወዳታል። ሲያወራት፣ ሲያጫውታት ያመሻል። መብራት ሲጠፋ ግን አካሉ ዝም ነው።

እንግዲህ ክኒኗ ለምን እንዳልሠራች ግልጽ ሆነ። ሲልደናፊል ፍላጎትን አይፈጥርም። አንጎልና ነርቭ የላኩት መልእክት ደም ሥር ጋ ሲደርስ ቶሎ እንዳይጠፋ ታደርጋለች፣ በቃ። የተላከ መልእክት ከሌለ የምታቆየው ነገር የላትም። መቶውን ሚሊግራም ብሰጠው ኖሮ የሚያገኘው ራስ ምታት ነበር።

በቤተሰቡ ዘንድ የነበረው ምርመራ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ወር ሐፍረት ተባለ። በሦስተኛው ወር "ታስሯል" ተባለ። አንዲት የድሮ ወዳጅ በሠርጉ ዕለት ክር ቋጥራበታለች የሚል ወሬም ተነሣ፤ ልጁ ግን የድሮ ወዳጅ ኖሮት አያውቅም። ሩቅያ ተቀራለት። ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉለት። አንድ ጎረቤት ደግሞ ፀበል ይዞት ሄደ። ወሎ ነውና ሁለቱን በር ማንኳኳት ማንንም አይገርምም። በመሃል አንድ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። እዚያ ልብሱን ሳያወልቁት "የጦርነቱ ድንጋጤ ነው" ብለው ቢ ኮምፕሌክስ ሰጥተው ላኩት። በ2014ቱ ጦርነት ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ነበርና ለሁሉም አሳማኝ መሰላቸው።

የሚስቱ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የተከራከሩበትን ጉዳይ ስሰማ ነው ይህን ታሪክ መጻፍ እንዳለብኝ የወሰንኩት። ጥያቄያቸው "ነገሩ የዘር ነው ወይስ አይደለም?" የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የፈለጉት ግን በለመዱት መንገድ ነው። ዘር ቆጠሩ። አባቱ 9 ልጅ ወልዷል። አያቱ በሁለት ሚስት 14። ቅድመ አያቱም የታወቀ ወላድ ነው። ወንድሞቹ ሁሉ ወልደዋል። "ዘሩ ንጹህ ነው" ብለው ፈረዱ። እናቱ እዚያው ጓዳ ውስጥ ቡና እያፈላች ነበር። እሷን የጠየቃት የለም።

እኔ ጠየቅኋት። ሐርቡ አካባቢ ነው የምትኖረው።

"እማማ፣ በእርስዎ በኩል ጢም ያላበቀለ፣ ሳያገባ የኖረ ሰው ነበር?"

"አለ እንጂ፣ ወንድሜ!" አለችኝ፤ እንዴት ይህን አታውቅም በሚል ድምፅ። "እሱማ የአላህ ሰው ነበር።"

ወንድሟ ከሞተ ቆይቷል። ረጅም፣ ጢም የለሽ፣ ድምፀ ቀጭን ሰው ነበር። ሴት ሳያይ ስለኖረ ዓለምን የናቀ፣ የበቃ ሰው ተደርጎ ነው የተቆጠረው። መንዙማ ሲያወጣ በዚያ ቀጭን ድምፁ ሴቱን ሁሉ ያስለቅስ እንደነበር እስካሁን ያወሩለታል። ስለ አፍንጫው ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ እየነደደ እሱ አጠገቡ ተኝቶ ከጎረቤት ሰው ሮጦ መጥቶ እንዳወጣው ነገረችኝ። "ዚክር ላይ ስለነበረ ነው ብለን ነበር" አለች።

እንግዲህ አንዱ አጎት ወሊይ ተባለ፣ አንዱ የእህት ልጅ ታሰረ ተባለ። አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ሁለት ቀን ቆይተን አብረን ወደ ደሴ ወጣን። ብቻዬን አልሄድም ስላለኝ ነው። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ሸሚዝ ለብሶ ወጥቶ የቶሳን ተራራ ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ አልጠየቅኩትም።

የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ ከጠበቅኩት በላይ ጊዜ ሰጠው። መጀመሪያ ቁመቱን ለካ፣ 178 ሳንቲ ሜትር። ቀጥሎ ሁለት እጁን አስዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለካ፣ 187። የብዙ ሰው ሁለቱ ልኬት ይቀራረባል። ጉርምስና ሳይመጣ ሲቀር የአጥንት ማደጊያው ጫፍ በጊዜው አይዘጋም፤ እጅና እግር ማደጋቸውን ይቀጥላሉ። ያ ሽማግሌዎቹ "ሸበላ" ያሉት ቁመና ራሱ ምልክት ነበር።

የዘር ፍሬ መለኪያ የሚባል ነገር አለ። ከትንሽ እስከ ትልቅ በክር የተሰኩ እንቁላል መሰል ዶቃዎች ናቸው፤ ሙስበሃ ይመስላል። ሐኪሙ እሱ ስላልነበረው በአልትራሳውንድ ለካ። ሁለቱም 4 ሚሊ ሊትር አይሞሉም። የአዋቂ ወንድ ከ12 በላይ ነው። በዚያው ማሽን ሆዱንም አየው፣ ግራ ኩላሊቱ ቦታው ላይ የለም። አብሮት ያልተፈጠረ ነው። አንዷ ኩላሊት የሁለቱን ሥራ ስትሠራ ኖራለች፣ እሱም አያውቅም።

ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። የወንድነት ሆርሞኑ፣ ቴስቶስቴሮን፣ በዴሲሊትር 300 ናኖግራም ገደማና ከዚያ በላይ መሆን ሲገባው 30 እንኳ አልደረሰም። ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የሚባሉት፣ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትልካቸው ሆርሞኖችም ወደ ዜሮ የተጠጉ ነበሩ። የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሣ፤ ፒቱታሪው ላይ ዕባጭ የለም። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "ካልማን ሲንድሮም" አለ።

ፍራንዝ ካልማን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 በቤተሰብ ውስጥ እንደሚተላለፍ አሳይቶ የጻፈበት ሕመም ነው። ፊንላንድ ውስጥ በተሠራ ጥናት ከ30,000 ወንዶች አንዱ ላይ ይገኛል። ሴቶችም ይይዛቸዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ በወንዶች ላይ ነው የሚታየው።

አፍንጫና ወንድነትን ምን አገናኛቸው? ሙሽራውም ይህንኑ ነው የጠየቀው። መልሱ ያለው ማኅፀን ውስጥ ነው። የጉርምስናን ትእዛዝ የሚሰጡት የአንጎል ሴሎች የሚፈጠሩት አንጎል ውስጥ አይደለም፤ ፅንሱ አፍንጫ ውስጥ ነው። ከዚያ የማሽተት ነርቭን እንደ መንገድ ይዘው እየተጓዙ አንጎል ይገባሉ። ይህን መንገድ ከሚያዘጋጁት ዘረ-መሎች አንዱ አኖስ-1 ይባላል። እሱ ከተበላሸ መንገዱ በቅጡ አይሠራም። የማሽተት ነርቩም ቦታው አይደርስም፣ ተጓዦቹ ሴሎችም ደጅ ይቀራሉ። ልጁ ያለ ሽታ ይወለዳል። ጉርምስናውም በ14ና በ15 ዓመቱ የሚጠራው አጥቶ ይቀራል። የኩላሊቱ መጉደልና የእጆቹ አብሮ መንቀሳቀስም የዚሁ ዘረ-መል ሥራ ናቸው።

ለሙሽራው እንዲህ አልኩት። መጋዘናችሁ ውስጥ ሠራተኞቹ ሁሉ አሉ፣ ማሽኑ አለ፣ ቆዳው አለ። ፎርማኑ ግን አልመጣም። ፎርማኑ ስላልመጣ ሠራተኛው ቁጭ ብሏል።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ክላይንፌልተር ይባላል። ወንድ በተለምዶ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ይኖረዋል። ክላይንፌልተር ያለበት ሰው አንድ ተጨማሪ ኤክስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1942 ምልክቶቹ ተገለጹ፣ በ1959 የክሮሞዞሙ ነገር ተገኘ። ከካልማን በጣም ይበዛል፤ ከ600 ወንዶች አንዱ ገደማ ነው። አብዛኞቹ ሳይታወቁ ያረጃሉ። እዚያ ላይ ፎርማኑ መጥቶ ይጮኻል፣ ሠራተኛው ነው የማይሰማው። ስለዚህ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ከፍ ብለው ይገኛሉ። ሁለተኛው ልዩነት ክላይንፌልተር ከቤተሰብ የሚወረስ አለመሆኑ ነው፤ የወላጅ ዘር ሴል ሲከፈል የሚደርስ አጋጣሚ ነው። "ከክሮሞዞም ነው" ማለትና "ከዘርህ ነው" ማለት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ለማየት ይሄ ይበቃል።

የዘር ቆጠራውን ነገር ልጨርስ። አኖስ-1 ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ጤነኛ ሆና ትኖራለች፣ ትወልዳለች። ወንድ ኤክሱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከእናቱ የመጣ። ስለዚህ ጉድለቱ ከሴት ወደ ሴት ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል፣ አልፎ አልፎ ወንድ ልጅ ላይ ብቅ ይላል። እንደ እማማ ያለች ተሸካሚ እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የሙሽራው ወንድሞች በዚህኛው ግማሽ ወጡ፣ እሱ በዚያኛው። ሽማግሌዎቹ በአባቱ በኩል ሰባት ቤት አይደለም ሰባ ቤት ቢቆጥሩ አያገኙትም ነበር። አባቱ የሰጠው ዋይን ነው።

እርግጥ የዘረ-መል ምርመራ አልተደረገለትም። ሐኪሙ የደረሰበት በአፍንጫው፣ በእጁ፣ በኩላሊቱና በአጎቱ ነው። አራቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ሌላ ማብራሪያ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንባቢው ራሱን እየፈተሸ እንደሆነ እገምታለሁ። ቅርንፉድ ከሸተተህና ጢምህን በየሳምንቱ የምትላጭ ከሆነ ካልማንን እርሳው። እኔ ጋ "ለጓደኛዬ" ብለው ከሚመጡት አብዛኞቹ ከአርባ በላይ ናቸው፤ ጢማቸውም ሙሉ ነው። የእነሱ ስንፈተ ወሲብ ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከሲጋራ፣ ከጭንቀት፣ አንዳንዴም ከሚወስዱት መድኃኒት ይመጣል።

ታዲያ በእነሱ ላይ ዘር የለበትም? አለበት፣ ግን መልኩ ሌላ ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን ያገለገሉ አሜሪካውያን መንትዮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት አለ። ብልትን ለማቆም መቸገር ላይ ከሚታየው የሰው ለሰው ልዩነት 35 በመቶው፣ አቁሞ ለማቆየት መቸገር ላይ ደግሞ 42 በመቶው በዘር የሚገለጽ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ36,000 በላይ ወንዶችን መርምረው ሲም-1 የሚባል ዘረ-መል አጠገብ አንድ ልዩነት አገኙ። እሱ ያለበት ሰው ዕድሉ 26 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። እንግሊዝ አገር ከ200,000 በላይ ወንዶች ላይ ሲፈትሹትም ያው ሆነ። ሲም-1 ከምግብ ፍላጎትና ከወሲብ ፍላጎት ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ሰውየው መወፈሩና አለመወፈሩ ግን ውጤቱን አልቀየረውም።

26 በመቶ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ከአንድ መቶ ሰው ሃያ ስድስቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ያለህ ዕድል ትንሽ ከሆነ በሩብ ጨምሮም ትንሽ ነው። ለእኔ ደንበኞች ይበልጥ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ነው። ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ የሚያጋልጡ ዘረ-መሎች ለስንፈተ ወሲብም ያጋልጣሉ ይላል። ስለዚህ አባትህ ስኳር ካለበትና አንተ ክኒኗን ፍለጋ ከመጣህ መጀመሪያ ጣትህን ልወጋህ። እዚሁ ባንኮኒው ላይ፣ አንድ ደቂቃ ነው።

ወደ ሙሽራው ልመለስ። ለሚስቱ ማን ይንገራት የሚለው አንድ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ሐኪሙ ጋ አብረው ገቡ፣ እኔ ውጪ ቆየሁ። በኋላ ራሷ ነች የነገረችኝ። ሐኪሙ ስለ ሆርሞን ሲያወራ ብዙም አልተከታተለችውም። አፍንጫው ላይ ሲደርስ ግን አስቆመችው።

"ምንም? ምንም አይሸተውም?"

"ምንም።"

ስምንት ወር ሙሉ ወይባ ስትሞቅ ነው የከረመችው። ጉድጓድ አስቆፍራ፣ እንጨቱን ከገበያ አስመርጣ፣ ጋቢ ተከናንባ ሰዓታት እየተቀመጠች። ቆዳዋ ብርቱካን እስኪመስል። አክስቶቿ "አልያዘሽም፣ ድገሚው" ሲሏት ትደግማለች። እሱ አጠገቧ ተኝቶ ስለ መጋዘኑ ያወራላታል። ጠረኔን ጠልቶት ነው ብላ ቆርጣ ነበር። ሽማግሌ እንዲላክ የፈቀደችውም ለዚህ ነው።

"እና እኔን አስጠልቼው አይደለም?" ብላ ሐኪሙን ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ከዚያ ሳቅ መጣባት፣ ከሳቁ ውስጥ ልቅሶ።

ሕክምናው በቴስቶስቴሮን መርፌ ተጀመረ። ዘይት የመሰለ ወፍራም መድኃኒት ነው፤ ቀስ ተብሎ መቀመጫ ላይ ይወጋል። ጉርምስና ጨርሶ ያላየ አካል ላይ ሙሉውን መጠን በአንዴ አይሰጡም። በትንሹ ተጀምሮ በወራት ውስጥ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ይሆናል። ቀይ የደም ሴል እንዳይበዛበት በየጊዜው ይታያል፤ እንደኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አጥንቱም እንዳይሳሳ መከታተል አለበት፣ ለዓመታት ያለ ሆርሞን ቆይቷልና።

በሁለተኛው ወር ጠዋት ጠዋት የማያውቀው ነገር መጣበት። ደንግጦ ደወለልኝ። ታምሜያለሁ ብሎ ነው። በ29 ዓመቱ የ14 ዓመት ልጅ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ስልኩን ይዤ ከረዳቴ ርቄ ጓዳ ገባሁ። በአምስተኛው ወር ድምፁ ተሰበረ፤ አለቃው ጉንፋን መስሎት ቀን እረፍት ሰጠው። ጢሙ ገና እየሞላ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ነገር ደህና እንደሆነ ባለቤቱ ሳቅ ብላ በመጎናጸፊያዋ አፏን ሸፍና ነገረችኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ሰማያዊዋን ክኒን ከዚያ ወዲህ አልገዛም።

ማሽተቱ ግን አልመጣም፣ አይመጣምም። የጋዝ ሲሊንደር ሲከፍት ሚስቱ ናት የምታሸትለት። የመጣ ወተት ሳትቀምስ አይጠጣም።

የልጅ ነገር ሌላ ሕክምና ነው። የቴስቶስቴሮን መርፌ ወንድነትን እንጂ ዘርን አይሰጥም። ለመውለድ ሲፈልጉ መርፌው ቆሞ፣ የፒቱታሪን ሥራ የሚተኩ ሌሎች መርፌዎች በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። ከግማሽ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ እኔ መደርደሪያ ላይም የለም። ገንዘብ እያጠራቀሙ ናቸው። ከተሳካላቸው ወንድ ልጆቹ ነፃ ናቸው፤ ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይን ነውና። ሴት ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ።

ስለ ሴት ልጅ ሲነሣ ሙሽራው ዝም አለና "እህቴስ?" አለ።

አንድ እሑድ ሐርቡ እናትየው ቤት ሄድን። እህቱ ሁለት ወንድ ልጆቿን ይዛ መጥታ ነበር፤ ትልቁ 11 ዓመቱ፣ ትንሹ 7። ትንሹ ሲወለድ አንድ ፍሬው አልወረደም ተብሎ ደሴ ኦፕራሲዮን ተደርጎለታል። ይህን ስትናገር እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። እኔና ሙሽራው ተያየን።

እናትየው ቡና ቆላች። ጨዋታ ነው አልኳቸው ልጆቹን። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የማቀርብላችሁን ንገሩኝ። መጀመሪያ የቡናውን ምጣድ አስጠጋሁ። ትልቁ ገና ከሩቁ "ቡና!" ብሎ ጮኸ። ትንሹም ተከትሎ "ቡና!" አለ። ቡናው ሲቆላማ ሰምቶታል፣ ሲንጣጣ። ጓሮ ወጥቼ ጤና አዳም ቀጠፍኩ። መዳፌ ውስጥ አሽቼ ሳላናግራቸው አፍንጫቸው ሥር ያዝኩት።

ትልቁ ፈገግ ብሎ አፉን ከፈተ። ትንሹ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ የወንድሙን አፍ ያያል።